ባለ ሦስት ምሰሶ

ደሴ ላይ የሽማግሌ በር ማንኳኳት የመንግሥት ሥራ መፈለጊያ ከሆነ ቆይቷል። ገና ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሳይነሣ፣ አንዱ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አንዱ አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ፣ አንዷ የእግር ቅባት በቦርሳዋ ከታ ወጣቱ በየቅያሱ ይበተናል። በር ይንኳኳል፤ «እንዴት አደሩ?» ይባላል። ጥያቄው ያው የጥንቱ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚጠብቀው ጆሮ ግን ትንሽ ቀና ይላል።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እማማ ሜላት ደጅ፣ ያን ሰሞን ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ ይደርስ ነበር። እማማ ሜላት መቶ አራት ዓመታቸው ነው። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ጥርሳቸው ለሦስተኛ ጊዜ በቅሎላቸዋል፣ ጉልበታቸው አምና ተቀይሯል፣ ዓይናቸው ከመንገዱ ማዶ የዳቦ ዋጋ ያነባል። በሩን ራሳቸው ይከፍቱና የተሰለፈውን ከዳር እስከ ዳር ቃኝተው፣

«ዛሬም አልተሳካላችሁም፤ አብሽሩ» ይላሉ።

«ኧረ እማማ፣ ሺህ ዓመት ይኑሩልን» ይላል ሰልፈኛው። ይህን ያለ ሁሉ ወዲያው መሬት መሬት ያያል። ሰው ነውና ያፍራል።

ይማም ከነዚህ አንዱ ነው። ሠላሳዎቹን ጀምሯል፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው፣ በከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት በኮንትራት ይሠራል። ሁለት ዲግሪ አለው፤ ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም አያነሣውም። ትልቁን፣ ባለ መስታወቱን፣ እናቱ ሐዋ ምስር ትለቅምበታለች። የሚጠየቀው ምሰሶ ነው። ምሰሶ ደግሞ ያለው ሁለት ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ፣ እማማ ሜላት ወጣት ሳሉ፣ መንግሥት ቤት ለመግባት ዲግሪ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ማስታወቂያው ላይ «ወይም» የምትል ቃል ገባች፤ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ልምድ። «ወይም» ደግሞ እንደ አማት ናት፤ አንዴ ከገባች ቤቱ የሷ ነው። እየዋለ እያደረ ከፊቷ የነበረው ሁሉ ተፋቀ። በምትኩ ፈተና ተሞከረ፤ በየሰዉ ኪስ ያለው ዕቃ መልሱን ሁሉ ያውቅ ስለነበር አገር በሙሉ መቶ ከመቶ አገኘ። በመጨረሻ አንድ ብልህ ሰው «ሰው የሚታወቀው ለቅሶ ላይ ነው» ብሎ ተነሣ። እውነቱን ነው። ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ድንኳን ተክሎ ውሃ ቀድቶ ሳያወራ የሚሄድ ሰው መንግሥት ቤት ቢቀመጥ ባለጉዳይ አያጉላላም ተባለ። ማስረጃውን ቅሬ እንዲሰጥ ተወሰነ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው ወሎ ቅሬ የሚለው።

እንዲህ ያለ ደግ ሐሳብ ግን እጅ ሲበዛበት መልኩን ይቀይራል። ለቅሶማ ማን አይደርስ፤ ስለዚህ መለኪያው የድንኳኑን የመሐል ምሰሶ ማቆም ሆነ። ምሰሶውን የሚያቆመው ደግሞ ሟች በሕይወት ሳለ «ድንኳኔን እገሌ ያቁምልኝ» ብሎ በስሙ የጠራው ሰው ብቻ ነው። የቀረውን ድንኳኑ ጫፍ ላይ የምትቀመጠው የካሜራ ዓይን ታያለች፣ ትመዘግባለች። ሁለት ምሰሶ ለኮንትራት፣ ሦስት ለቋሚ፣ ሰባት ለኃላፊ። ይኸው ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ አባትየው አገጩን ይዞ «ስንት ምሰሶ አለው?» ይላል። ሰርግ ላይ «ባለ አምስት ምሰሶ አቶ እገሌ» ካልተባለ የሚያኮርፍ አለ። ኮሌጆቹ የለቅሶ ማሠልጠኛ ሆነው ነበር፤ ተመራቂዎቻቸው በአንድ ቀብር ላይ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ ስላለቀሱ ተዘጉ።

ችግሩ፣ ሰው መሞት ተወ። ሐኪሞቹ ልብ ይቀይራሉ፣ ሳንባ ያጥባሉ፣ ሰውን አላስሞት ብለዋል። እናም እንደ ምንም አንድ ሰው ሲሞት ከዘመድ በፊት ሥራ ፈላጊው ይደርሳል። አምና ሰኞ ገበያ ሰፈር አንድ አዛውንት አርፈው፣ እጅ አስታጣቢው ከመብዛቱ ለቀስተኛው ጣቱ እስኪጨማደድ ታጠበ። የሟች ልጆች ድንኳኑ ውስጥ ቦታ አጥተው ጎረቤት ቤት ገብተው አለቀሱ።

የይማም ኮንትራት የሚያልቀው ሰኔ ሠላሳ፣ በጀት ሲዘጋ ነው። ሦስተኛ ምሰሶ ካላመጣ ወንበሩን ባለ ሦስት ይቀመጥበታል፤ ይህን አለቃው ክፉ ሳይናገር፣ እያዘነ ነግሮታል። በሰፈሩ ድንኳን አቋሚ ካልጠሩት ሽማግሌዎች ሁሉ ደግሞ ትልቋ እማማ ሜላት ናቸው። ሐዋ ይህን ስለምታውቅ በየማለዳው ልጇ እጅ ላይ አንድ ነገር ሳታስይዝ አትሸኘውም፤ ዛሬ ቆሎ፣ ነገ እርጎ።

«አጫውታቸው» ትለዋለች፤ «አትቸኩል። የቸኮለ ይታወቅበታል።»

ይማም መጫወቱን ወደደው። እሑድ እሑድ ሌላው ዳቦውን አስረክቦ ሲሄድ እሱ ቀርቶ ገበጣ ይጫወታል፤ ሁልጊዜም ይሸነፋል። እማማ ሜላት ጠጠሩን በየጉድጓዱ እያደሉ ያወራሉ። በዘመናቸው የሰው ሀብት ኃላፊ ነበሩ። የሥራ ማስታወቂያውን የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው።

«አንዴ ለአትክልተኛ ዲግሪ ጠየቅሁ» አሉት አንድ እሑድ።

«ለአትክልተኛ?»

«መመሪያ ነው የኔ ልጅ። ሰባት መቶ ሰው አመለከተ። ሁለቱ ዶክተሮች ነበሩ።»

«እሺ፣ አትክልቱስ?»

«ደረቀ። ቅጥሩ ሁለት ዓመት ፈጀ» አሉና አራት ጠጠር በላ አደረጉበት። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ከዕድሜያቸው ጋር አይሄድም፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳቅ ነው። ይማምም ሳቀ፤ ሲስቁ አይቷቸው ድፍረት ስላገኘ ሲከነክነው የኖረውን ጠየቀ።

«እማማ፣ ለምን ግን እስከዛሬ ሰው አልጠሩም?»

እማማ ሜላት የያዙትን ጠጠር ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉ።

«ምሰሶዬን ዛሬ ብሰጥ ነገ በሬን ማን ያንኳኳል?» አሉት። ቁጣ የለበትም፤ የገበያ ዋጋ እንደሚነግሩት አድርገው ነው ያሉት። ይማም ጠጠሩን አዞረ፤ ተሸነፈም።

ሰኔ ሲገባ አንድ ማለዳ የእማማ ሜላት መጋረጃ ሳይገለጥ ቀረ። ሰልፉ ቆሞ ጠበቀ፤ ፀሐይ ወጣች። አንዱ በሩን ነካ ነካ አደረገ፣ መልስ የለም። ሹክሹክታው ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ሲራጅ የሚባለው፣ ከይማም ጋር አብሮ ያደገ፣ እሱም ባለ ሁለት ምሰሶ፣ ከቅሬው ግምጃ ቤት ካስማ ለማምጣት ጫማውን ማጥበቅ ጀመረ። ይማም ደግሞ ልቡ ዘለለ። ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ምናልባት ትናንት ማታ ለአንድ ሰው ስሜን ተናግረው ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ወንበሩ ታየው፣ ቋሚ የሚለው ወረቀት ታየው።

በሩ ተከፈተ። እማማ ሜላት በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል።

«አረፈድኩ እንዴ? እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» አሉ፤ ከዚያ ፊቱን ሁሉ አዩና፣ «ዛሬም አልተሳካላችሁም።» አብሽሩ አላሉም።

ይማም ሲመሽ ተመልሶ መጣ፤ በባዶ እጁ። ገበጣውንም አልፈለገ። በርጩማው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣

«እማማ፣ ጠዋት የሞቱ መስሎኝ ደስ አለኝ» አላቸው። «ካልነገርኩዎ እዚህ ቤት ሁለተኛ መግባት አልችልም።»

በዚህ ደጅ ስንት ዓመት ስንት ሰው ሲመላለስ፣ ሁሉም ያሰበውን አንድም ሰው ተናግሮት አያውቅም።

«በሩ ሲከፈትስ?» አሉት።

«ያኔም ደስ አለኝ። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።»

«አንተ ልጅ» አሉ እማማ ሜላት፣ «መንግሥት ቤት አትበረክትም። እውነት ትናገራለህ።» ተነሥተው እርጎ ቀዱለት፤ የራሷ የሐዋ እርጎ ነው። እስኪጠጣ ጠበቁትና አንድ ነገር ነገሩት። በጥንት ጊዜ፣ ልጅ የሌለው ሰው «ስሞት ማን ያስታውሰኛል» ብሎ ተዝካሩን ገና በቁሙ ያወጣ ነበር። ይደግሳል፣ ድንኳን ያስተክላል፣ አገር ጠርቶ ያበላል፣ ራሱም ቁጭ ብሎ የራሱን ተዝካር ይበላል። የቁም ተዝካር ይባላል። አያታቸው እንዲህ ሲያደርጉ በልጅነታቸው አይተዋል። «እኔም በሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ አወጣለሁ» አሉ። «ድንኳኔን ይማም ያቁምልኝ ብያለሁ። እኔ እስክሞትማ ጡረታ ትወጣለህ።»

«ሰዉስ? ከጠሩኝ በኋላ ማን ያንኳኳልዎታል?»

«አንተ ገበጣ እስክታሸንፍ ትመጣለህ። እሱ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው።»

ጉዳዩ ቅሬው ፊት ቀረበ። የቅሬው ዳኛ ጋሼ እንድሪስ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሽማግሌዎቹ በጎረምሳነታቸው ይንቋቸዋል፣ ስለዚህ ፍርዳቸው ሁሉ ኮስተር ያለ ነው። ሲራጅ ተነሥቶ «ሟች ሳይኖር የምን ምሰሶ ነው? ነገ ሁሉም በየቤቱ እየደገሰ ይቀጠራል» ሲል ብዙ ሰው አጨበጨበለት።

ጋሼ እንድሪስ ከዘራቸውን አሻሹ። «ተዝካሩ የነሱ የክርስቲያኖቹ ነው፤ ድንኳኑ የሁላችን ነው» አሉ። «ሰው ተደግሶለት፣ ተመርቆለት፣ አገር ተሰብስቦ ከሸኘው ተሸኝቷል። የሚሄድበትን ቀን ከፈጣሪው ጋር ይነጋገርበት፣ ቅሬውን አይመለከትም። ይተከል።»

ሰልፈኛው ለሁለት ቀን አኮረፈ። ከዚያ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ሌላው ሽማግሌም ነገ በቁሜ ልደግስ ቢል የሚጠራው ደህና ሲሠራ የታየውን ነዋ። አንዱ እንጨት ልፍለጥ አለ፣ አንዷ ሽንኩርት ልክተፍ አለች። እማማ ሜላት ድግሱን ሽሮና ምስር አደረጉት፤ ሥጋ ቢሆን ለእስላሙ አንድ ለክርስቲያኑ አንድ ድስት ይፈልጋል፣ ሽሮ ግን ሃይማኖት የላትም። ይማም በዚያ ሰሞን እያፏጨ ነበር የሚሄደው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በየመብራቱ እንጨት ላይ የተሰቀለው የመንግሥት ድምፅ ማጉያ ጉሮሮውን ጠረገ። ከነገ ጀምሮ ለማንኛውም የመንግሥት ሥራ የምሰሶ ማስረጃ አይጠየቅም አለ። አመልካቾችን ለእንግልት፣ አረጋውያንን ለጭንቀት ዳርጓል፤ መመዘኛው ላልቷል። ተፈላጊ ችሎታ፦ ፍላጎት። ፍላጎት የሚለካው ቀድሞ በመምጣት ስለሆነ፣ ክፍት የሥራ ቦታዎቹ ሁሉ ነገ ቅዳሜ፣ በአካል፣ በሰልፍ፣ እስከ ቀትር ይሞላሉ። ድምፁ አመስግኖ ዘፈን ለቀቀ።

ከተማው እልል አለ። ሐዋ ምስሯን ከነዲግሪው አስቀምጣ ልጇን አቀፈችው።

«ተገላገልክ» አለችው፤ «በል በሌሊት ተነሥ።»

«ነገ እኮ የእማማ ሜላት ተዝካር ነው።»

«ከሰልፉ ስትወጣ ትደርሳለህ። ድንኳኑን ያ ሁሉ ወጣት አለ አይደል፣ ሰው አይጠፋም።»

ይማምም ይህንኑ ነበር ያሰበው። ያ ሁሉ ወጣት አለ፤ ሰው አይጠፋም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይማም ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ነበር። ጫማውን ቦርሿል፣ ከፊቱ ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ ግን ቁልቁል ወርዶ በጉሙ ውስጥ ጠፍቷል። ካፊያ ጀመረ። በሩ ሲከፈት ሰልፉ ሳቅ ሳቅ አለው፤ ተጫዋች ሰልፍ ነው። አንዱ «ፍላጎትህን አሳይ» ይላል፣ ሌላው ጥርሱን ያሳያል። ይማምም እየሳቀ ዞር ዞር ብሎ ሰዉን ማየት ያዘ። እንጨት ልፍለጥ ያለው ልጅ ይኸው። ሽንኩርት ልክተፍ ያለችው ይቻት። አጥሚት አምጪው፣ ቅባት አምጪዋ፣ ከፊቱ ደግሞ ሲራጅ። ከእማማ ሜላት ደጅ የሚሰለፈው ሁሉ፣ አንድ ሳይጎድል፣ እዚህ ነው።

ታዲያ እዚያ ማን አለ?

«ሲራጅ» አለ፣ «ድንኳኑን ማን ሊተክል ሄደ?»

ሲራጅ ዞሮ አየው። «እኔ ምን አውቄ። የተጠራኸው አንተ ነህ።»

ክፋት የለበትም፤ የእውነቱን ነው የመለሰለት። ይማም ጆሮው ጋለ። በሩ ቅርብ ነው፣ ሰልፉ ግን ያዘግማል፤ ወንበሩ ከበሩ በስተጀርባ ነው፣ የድንኳኑ ሸራ ደግሞ እማማ ሜላት ግቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ዝናብ እየጠጣ ነው። ቶሎ ተክዬ እመለሳለሁ ብሎ አሰበ። ከመንገዱ ዳር የዳቦ ያህል ድንጋይ አንሥቶ በቆመበት ቦታ አስቀመጠ፤ ሰልፍ ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚደረገው።

«ጠብቅልኝ» አለው ሲራጅን።

«ወላሂ እጠብቃለሁ። ፍጠን ብቻ።»

ይማም ቁልቁለቱን ሮጦ ወረደ። ቅያሱ ባዶ ነበር። በየሽማግሌው ደጅ ዳቦ የያዘ የለ፣ የሚያንኳኳ የለ፤ ያን መንገድ በማለዳ እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቶት አያውቅም። እማማ ሜላት ደጃቸው ላይ፣ ንጹሕ ነጭ ለብሰው፣ ከተጠቀለለው ሸራ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የቅሬው ትልልቅ ድስቶች ተደርድረዋል። ጋሼ እንድሪስ ብቻቸውን አንድ ካስማ ይዘው የት እንደሚመቱት ጨንቋቸዋል። እማማ ሜላት ይማምን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ቶሎ ደግሞ አጠፉት።

«ሰልፉስ?»

«ድንጋይ አስቀምጫለሁ።»

«ደግ አደረግክ። ድንጋይ ቃሉን ይጠብቃል» አሉት።

ለሁለት ሰው የማይሆን ሥራ ነው። ሸራው ረጥቦ ከብዷል፤ በአንድ በኩል ሲወጥሩት በሌላው ይረግባል፤ ጋሼ እንድሪስ ገመዱን ራሳቸው ላይ ጠመጠሙት። እማማ ሜላት «በአዲሱ ጉልበቴስ ምን ላደርግበት ነው» ብለው ነጠላቸውን አገልድመው ገቡ። ለራሳቸው ተዝካር ድንኳን የወጠሩ ሴት ደሴ አይታ አታውቅም። ይማም የመሐሉን ምሰሶ አቅፎ፣ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ፣ እንደገና ተነሥቶ አቆመው። ጫፉ ላይ ያለችው ዓይን ብልጭ አለች።

«ይማም አሊ፣ ሦስተኛ ምሰሶዎ ተመዝግቧል። እንኳን ደስ አለዎት። አሁን ለቋሚ ቅጥር ብቁ ነዎት» አለች። ትናንት የተባለውን አልሰማችም።

በመጀመሪያ የሳቁት እማማ ሜላት ናቸው። ይማም ሆዱን ይዞ ጭቃው ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ፤ ጋሼ እንድሪስም ዳኝነታቸውን ረስተው ሳቁ።

ይማም እጁን ታጥቦ ሊሮጥ ሲል በቅያሱ ጫፍ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ብቅ አሉ። ከኋላቸው አንዲት ባልቴት፣ ከዚያ ሁለት ሆነው ተደጋግፈው የመጡ፣ ከዚያ የብረት እግራቸው ኮረብታውን ሲወርድ የሚንጫጫባቸው አዛውንት። የሰፈሩ መቶ ዓመተኛ ሁሉ በጉሙ ውስጥ እየወረደ ነው።

«ዛሬ በሬን ማንም አላንኳኳም» አሉ ባለ ምርኩዙ ሲደርሱ። «ወይ ከተማው ሞቷል ወይ እኔ ሞቻለሁ ብዬ ወጣሁ። ድንኳን ሳይ ደግሞ የኔ መሰለኝ።»

«የኔ ነው፤ ይግቡ» አሏቸው እማማ ሜላት።

ድንኳኑ ሞላ። የሚያስተናግድ ግን ይማም ብቻ ነው። አንዱ ጋ ውሃ ሲያፈስስ አንዷ ሽሮ ትላለች፣ ለአንዱ ትራስ ሲያደርግ ሌላው ጆሮዬ አይሰማም ጠጋ በል ይለዋል። አሁን ልሂድ፣ አሁን ልሂድ እያለ ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ያያል። እግሩ ግን ከድስቱ ወደ ሰዉ፣ ከሰዉ ወደ ድስቱ ሆነ። ሐዋ በመሐል ተቆጥታ ከች አለች፤ ቁርስ ይዛ ሰልፉ ላይ ሄዳ በልጇ ፈንታ ድንጋይ አግኝታለች። ልትናገረው አፏን ከፍታ ድንኳኑን አየችና ዘጋችው፤ ጭልፋውን ከእጁ ቀምታ መጨለፍ ጀመረች።

«ቅድም ምንድነው የጮኸው?» አሉ ባለ ብረት እግሩ።

«ይማም ተመርቆ ነው» አሉ እማማ ሜላት። «ሦስተኛውን ያዘ፣ ትናንት ደግሞ ሻሩት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እነሱ ሁሉም ባለ ዲግሪ ናቸው፤ አንዱ ሕግ፣ አንዷ ሒሳብ፣ አንዱ ምን እንደነበረ እንኳ ረስተውታል። የማይጠየቅ ነገር ይዞ መቀመጥ ምን እንደሆነ የሚነገራቸው አልነበሩም። ባለ ምርኩዙ ተነሥተው ጥቁር የዝናብ ካፖርታቸውን ይማም ላይ ደረቡለት። ባልቴቷ ከደጅ አበባ ቀጥፈው አስያዙት። «በኛ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ ፎቶ ሳይነሡ መመረቅ የለም» ብለው ሐዋን በቀኙ፣ እማማ ሜላትን በግራው አቆሙ፤ ሐዋ ጭልፋዋን እንደያዘች ነው። እልልታው ከድንኳኑ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። ይማም ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እያሾፉበት ይሁን እያከበሩት አልለየውም፣ ሁለቱም እንደሆነ ግን ገባው።

የቀትር አዛን የሰማው ካፖርታው ትከሻው ላይ እንዳለ ነው።

ወዲያው ሲራጅ በድንኳኑ በር ብቅ አለ። ተመዝግቧል፤ ከፊቱ ያስታውቃል። በሁለት እጁ ድንጋዩን አቅፏል።

«እስከ በሩ ድረስ እየገፋሁ አድርሼው ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሰውዬው አየውና፣ ይሄ ፍላጎት አለው ወይ አለኝ። አለው ብዬ ተከራከርኩ። አልሰማኝም፤ ዘጉት።»

ማንም አልሳቀም። ሲራጅ የሚያደርገው ቢያጣ ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄዶ ድንጋዩን የላላው ካስማ ላይ ጫነው፤ ገመዱ ጠበቀ። ከዚያ ማስታጠቢያውን አንሥቶ ከዳር ጀመረ።

ይማም በሌላው ማስታጠቢያ እማማ ሜላት ፊት በርከክ ብሎ ነበር። እጃቸውን ዘረጉለት፤ በየማለዳው የሚሉትን ቃል ዛሬ እሳቸው አላሉትም፣ ከንፈራቸው ላይ መጥቶ እንደዋጡት አየ። ስለዚህ ራሱ አለው።

«ዛሬም አልተሳካልኝም፣ እማማ።»

እማማ ሜላት እርጥብ እጃቸውን ጉንጩ ላይ አደረጉ።

«አብሽር» አሉት። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። «ና ቁጭ በል፣ ተዝካሬን ብላልኝ።»